የፍራፍሬ ዛፍ በሽታ፣ አምራቹ ገበሬና ማቀነባበሪያው፤ ለሰበካ የልማት ኮሚቴዎች የቀረበ የጥናት ትምህርት

በዚህ እትም ያዘጋጀነው ትምህርት ስለ ፍራፍሬ ዛፎች በሽታ ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የግብርና ባለሙያዎች ድርሻ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በየአጥቢያው ችግኝ የምናፈላውም ሆነ የምናድለው፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በገዳማት የአትክልት ቦታ የምንተክለው እኛው ነን። በሽታ የሚጓዝበትን መንገድ ሳናውቅ ብንቀር፣ ለምእመናን በረከት ይሁን ብለን የሰጠነው ችግኝ ለጎረቤት ማሳ ሁሉ ጉዳት ይዞ ሊገባ ይችላል።

ይህን የምንጽፈው ከራሳችን ስሕተት ተምረን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አጥቢያ ለሚኖሩ ችግረኛ ቤተሰቦች የብርቱካን ችግኝ አድለን ነበር። ችግኙን የገዛነው በዋጋው ርካሽነት ሲሆን፣ ከየትኛው እናት ዛፍ እንደተዳቀለ አልጠየቅንም፤ ሻጩም አልነገረን። በአራተኛው ዓመት ለጉብኝት ስንመለስ ከዛፎቹ አንዳንዶቹ በአንድ ወገን ቅርንጫፋቸው ቢጫ ሆኖ፣ ፍሬያቸው ትንንሽና ጎባጣ ሆኖ አገኘናቸው። አብሮን የነበረው የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ምልክቱን አይቶ እጅግ እንደሚያስጠረጥረው፣ ናሙና መወሰድ እንዳለበት፣ ጥርጣሬው ከተረጋገጠም ዛፎቹ መነሣት እንደሚኖርባቸው ነገረን። በዚያ ጊዜ ስድስት ዛፎች የነበሯቸው አንዲት እናት «ልጄ፣ ትከዪ ያላችሁኝ እናንተ፣ አሁን ደግሞ ቁረጪ የምትሉኝ እናንተ፤ እኔ ማንን ልስማ?» አሉን። ለእማማ የሚበቃ መልስ አልነበረንም። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ሌሎች ኮሚቴዎች ያንን ጥያቄ ሳይዘጋጁ እንዳይጋፈጡት ነው።

፩. በሽታው ምንድን ነው?

ለጥናታችን የመረጥነው በብርቱካን፣ በመንደሪን፣ በሎሚ፣ በትርንጎና በመሰል ተክሎች ላይ የሚደርሰውን «ግሪኒንግ» የተባለ በሽታ ነው። ቻይናውያን «ሁዋንግሎንግቢንግ» ይሉታል፤ በቋንቋቸው የቢጫ ቀንበጥ በሽታ ማለት ነው። «ግሪኒንግ» የተባለው ደግሞ ፍሬው ሳይበስል አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቀር ነው።

የበሽታው መንሥኤ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው የሚኖረው ቅጠል ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥርና ወደ ፍሬ በሚያደርሰው ረቂቅ የዛፉ ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው ሲታወክ ሥሩ ይራባል፤ ፍሬውም የሚገባውን ስኳር አያገኝም። ስለሆነም ዛፉ ውኃና ማዳበሪያ እየተሰጠው እንኳ እንደ ተራበ ሰው እየከሳ ይሄዳል።

በሽታው ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚተላለፈው በሁለት ዋና መንገዶች ነው። አንደኛው ከለጋ ቅጠል ጭማቂ በምትመጥ፣ ከሰሊጥ ፍሬ በማትበልጥ «ሲሊድ» በምትባል ነፍሳት አማካይነት ነው። ሁለተኛው የሰው እጅ ነው፤ ከታመመ ዛፍ በተወሰደ ቡቃያ ችግኝ ሲዳቀል በሽታው አብሮ ይዳቀላል። ቻይናዊው ሊቅ ሊን ኩንግሺያንግ በሽታው በማዳቀል እንደሚተላለፍ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። ሁለቱን መንገዶች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ነፍሳቷ በራሷ ክንፍ ብዙ ርቀት አትሄድም፤ በሽታውን ከአውራጃ ወደ አውራጃ የሚያሻግረው ችግኝ የጫነ መኪና ነው።

በሽታውን እጅግ አስቸጋሪ የሚያደርገው መደበቁ ነው። ዛፉ ከተያዘ በኋላ ምልክት ሳያሳይ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ጤነኛ መስሎ ለነፍሳቷ የበሽታ ምንጭ ይሆናል። የታመመን ዛፍ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒትም እስከ አሁን አልተገኘም። የፍሬው ጣዕም ይበላሻል እንጂ የሚበላውን ሰው የማይመርዝና ወደ ሰውም የማይተላለፍ መሆኑን ግን ለምእመናን ማስረዳት ተገቢ ነው፤ ያለዚያ የሐሰት ወሬ የጤነኛውን ገበሬ ገበያ ጭምር ያጠፋል።

፪. በፍሎሪዳ የደረሰው ጥፋት

የዚህን በሽታ ጉዳት ከሥር እስከ ጫፍ ለመረዳት ከአሜሪካዋ የፍሎሪዳ ግዛት የተሻለ ምሳሌ የለም። ፍሎሪዳ ለብዙ ዘመናት የአሜሪካ የብርቱካን ጭማቂ ምንጭ ነበረች። ከምታመርተው ብርቱካን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ወደ ገበያ ሳይሆን ወደ ጭማቂ ፋብሪካ የሚገባ ነው። ስለዚህ በዚያች ግዛት ገበሬውና ፋብሪካው እንደ ባልና ሚስት የተሳሰሩ ነበሩ።

በሽታውን የምታስተላልፈው የእስያ ሲሊድ በፍሎሪዳ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በሽታው ራሱ የተረጋገጠው ደግሞ በ2005 ነው። በእነዚህ ሰባት ዓመታት ውስጥ ነፍሳቷ በየችግኝ መሸጫው በሚሸጡ የጌጥ ተክሎች ላይ ሆና በግዛቱ ተሰራጭታ ነበር። በሽታው ሲገኝ አስተላላፊዋ አስቀድማ በየማሳው ተደላድላለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቁጥሩ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2003/04 የምርት ዘመን ፍሎሪዳ 242 ሚሊዮን ሣጥን ብርቱካን አምርታ ነበር፤ አንዱ ሣጥን 41 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በ2022/23 የተመረተው 16 ሚሊዮን ሣጥን የማይሞላ ሲሆን፣ በ2024/25 ደግሞ ወደ 12 ሚሊዮን ሣጥን ዝቅ ብሏል። ይህም በሃያ ዓመት ውስጥ ከመቶው ዘጠና አምስት እጅ ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ በሽታው ብቻውን ተጠያቂ አይደለም። እንደ 2017ቱ ኢርማና እንደ 2022ቱ ኢያን ያሉ ከባድ አውሎ ነፋሶች ፍሬ አራግፈዋል፣ ዛፍ ነቅለዋል፤ የቤት ሥራ መስፋፋትም የእርሻ መሬት ወስዷል። ነገር ግን ጤነኛ ዛፍ ከአውሎ ነፋስ በኋላ ያገግማል፤ ሥሩ በበሽታ የተራበው ግን አያገግምም። ገበሬው መሬቱን ለቤት ሠሪ እንዲሸጥ ያስገደደውም በአብዛኛው የምርቱ መጥፋት ነው።

፫. ጉዳቱ ከማሳ ወደ ፋብሪካ የሚሻገረው እንዴት ነው?

ብዙ ጊዜ ስለ ሰብል በሽታ ስንነጋገር የምናስበው የገበሬውን ኪሣራ ብቻ ነው። ጉዳቱ ግን በማሳው አጥር አይቆምም። ደረጃ በደረጃ እንመልከተው።

በመጀመሪያ የገበሬው ወጪ ያድጋል። ነፍሳቷን ለመከላከል ደጋግሞ ይረጫል፤ የተጎዳውን ሥር ለመደገፍ ተጨማሪ ማዳበሪያ ይሰጣል፤ የሞተውን ዛፍ በአዲስ ይተካል። በዚህ ላይ ፍሬው ከመብሰሉ በፊት ይረግፋል። እንግዲህ ወጪው እየጨመረ ገቢው ይቀንሳል ማለት ነው። በፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2002 ከሰባት ሺህ በላይ የነበሩት አምራቾች በ2017 ከሦስት ሺህ በታች ሆነዋል።

ሁለተኛው ጉዳት በፍሬው ባሕርይ ላይ የሚደርሰው ነው። ከታመመ ዛፍ የተለቀመ ብርቱካን ስኳሩ ያነሰ፣ መራራነቱና ኮምጣጣነቱ የጎላ ይሆናል። ጭማቂ አዘጋጁ ይህን ለማስተካከል ከሌላ ቦታ የመጣ ጣፋጭ ጭማቂ መቀላቀል አለበት። ችግሩ ምን ያህል እንደጠለቀ የሚያሳየው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ያቀረበው ሐሳብ ነው። መሥሪያ ቤቱ የብርቱካን ጭማቂ ሊኖረው የሚገባው ዝቅተኛ የጣፋጭነት ልኬት ከ10.5 ብሪክስ ወደ 10 ዝቅ እንዲል ሐሳብ አቅርቧል። ዛፉ የሕጉን ልኬት ማሟላት ሲያቅተው ልኬቱን ወደ ዛፉ ማውረድ ግድ ሆነ።

ሦስተኛው ጉዳት የፋብሪካው ነው። ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የሚተከለው የተወሰነ መጠን ፍሬ በየዓመቱ እንደሚገባለት ታስቦ ነው። የመሣሪያው ዋጋ፣ የባንክ ዕዳው፣ የጥበቃና የጥገና ወጪው ፍሬው ቢበዛም ቢያንስም አይቀነስም። መቶ ኩንታል በሚጨምቅ መሣሪያ ሠላሳ ኩንታል ብቻ ሲገባ የእያንዳንዱ ጠርሙስ ወጪ ይንራል። በፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2003/04 አርባ አንድ የነበሩት ማቀነባበሪያዎች በ2016/17 አሥራ አራት ብቻ ቀርተዋል። ፍሬ መርጠው የሚያሽጉ ድርጅቶችም ከሰባ ዘጠኝ ወደ ሃያ ስድስት ወርደዋል።

አራተኛው ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ፋብሪካ ሲዘጋ የሚጎዳው ዛፉ የታመመበት ገበሬ ብቻ አይደለም። ማሳውን ጠብቆ ዛፉን ከበሽታ ያዳነው ገበሬም ገዢ ያጣል፤ ወይም ፍሬውን ወደ ሩቅ ፋብሪካ በውድ ኪራይ ማጓጓዝ ይገደዳል። ለቃሚው፣ ጫኙና ሾፌሩ ሥራ ያጣሉ። ከጭማቂው የተረፈውን ልጣጭ ለከብት መኖ የሚገዛው አርቢም መኖውን ያጣል። ታላላቅ ድርጅቶችም ከዚህ አላመለጡም፤ በፍሎሪዳ ከታወቁት የብርቱካን አምራቾች አንዱ የሆነው አሊኮ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የብርቱካን ልማቱን እንደሚያቆም አስታውቋል።

አምስተኛው የሸማቹ ነው። በ2004 በሽታው በታየባት በብራዚልም ምርት በቀነሰ ጊዜ፣ የብርቱካን ጭማቂ የዓለም ገበያ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2024 ከዚያ በፊት ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወጥቷል። ዋጋው ሲንር ሸማቹ ወደ ሌላ መጠጥ ይሄዳል፤ የሄደ ሸማች ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ ውድ ዋጋ ለቀሩት አምራቾችም ዘላቂ ጥቅም አይሆንም።

፬. ነገሩ ወደ እኛ ሲመጣ

የፍሎሪዳ ታሪክ የሩቅ ሀገር ታሪክ አይደለም። የዚህ በሽታ የአፍሪካ ዓይነት የሚባለው በሀገራችንና በጎረቤቶቻችን ደጋማ ቦታዎች ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ነው። አስተላላፊዋ የአፍሪካ ሲሊድ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው ከኤርትራ ነው። ይህ ዓይነቱ ሙቀት ስለማይስማማው በቆላ አካባቢ ብዙ አይበረታም። የእስያው ዓይነት ግን ሙቀትን ይችላል። በሰሜን ኢትዮጵያ ከብርቱካን ዛፎች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የእስያው ዓይነት ባክቴሪያ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2010 በሳይንሳዊ መጽሔት ተገልጿል። የእስያዋ ሲሊድም በታንዛኒያና በኬንያ ተገኝታለች። ይህም ማለት ደጋውም ቆላውም ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

በእርጥብ አካባቢዎቻችን የብርቱካንን ምርት ክፉኛ የጎዳ ሌላም በሽታ አለ። እርሱም በፈንገስ የሚመጣው የቅጠልና የፍሬ ነጠብጣብ በሽታ ነው። በቅጠሉ ላይ ዙሪያው ቢጫ የሆነ ክብ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ቅጠሉን ያረግፋል፤ ፍሬውንም ገበያ የማይቀበለው ያደርገዋል። ሁለቱን በሽታዎች መለየት ያስፈልጋል፤ ሕክምናቸው አንድ አይደለምና። የነጠብጣቡን በሽታ የረገፈውን ቅጠልና ፍሬ ሰብስቦ በመቅበር ወይም በማቃጠል፣ ጥቅጥቅ ያለውን ቅርንጫፍ በመግረዝና ባለሙያ ያዘዘውን ፀረ ፈንገስ በጊዜው በመርጨት መቀነስ ይቻላል። ግሪኒንግ ግን በመግረዝ አይወጣም፤ ባክቴሪያው በዛፉ ሰውነት ውስጥ ተሰራጭቷልና።

ለሀገራችን የማቀነባበር ሥራም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ብዙዎቻችን ከላይኛው አዋሽ የብርቱካን እርሻዎችና በመርቲ ከሚዘጋጀው ማርማላታ ጋር ያደግን ነን። ዛሬ ደግሞ በየከተማው በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች ጭማቂና ማርማላታ ለማዘጋጀት ይነሣሉ። የልማት ኮሚቴዎቻችንም እንዲህ ያሉ ማኅበራትን ይደግፋሉ። መጭመቂያውን ለመግዛት የምናስበውን ያህል መጭመቂያው ውስጥ የሚገባው ፍሬ ከየት እንደሚመጣና የዛፎቹ ጤና እንዴት እንደሆነ ካላሰብን ግን፣ ዕዳ ያለበት ባዶ መሣሪያ ልናወርሳቸው እንችላለን።

፭. ምልክቶቹን እንዴት እናውቃለን?

የሚከተሉት ምልክቶች ባለሙያ ለመጥራት ምክንያት ይሆናሉ እንጂ በራሳቸው ፍርድ ለመስጠት አይበቁም።

ሀ. በጤነኛ ዛፍ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ወይም አንድ ወገን ብቻ ቢጫ ሆኖ መታየት።

ለ. በቅጠሉ ላይ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ዝንጉርጉር መልክ። የቅጠሉን የመካከል አውራ ጅማት ይዘን ግራና ቀኙን እናነጻጽር። የንጥረ ምግብ እጥረት ከሆነ ሁለቱ ወገኖች በአብዛኛው ይመሳሰላሉ፤ ግሪኒንግ ከሆነ ግን አይመሳሰሉም።

ሐ. ፍሬው ማነሱና ወደ አንድ ወገን መጉበጡ፤ በግንጫው በኩል ሲቀላ የታችኛው ጫፍ አረንጓዴ ሆኖ መቅረቱ።

መ. ፍሬው ከግንጫው ወደ ታች ሲሰነጠቅ መካከሉ የጎበጠ፣ ዘሩም የጨነገፈና የጠቆረ ሆኖ መገኘቱ።

ሠ. በለጋ ቅጠሎች ላይ ጭንቅላቷን ዝቅ፣ ጀርባዋን ከፍ አድርጋ የምትቀመጥ ትንሽ ነፍሳት፤ ወይም የአፍሪካዋ ሲሊድ በቅጠሉ ላይ የምትተዋቸው ወደ ላይ ያበጡ ጉብታዎች።

፮. ዛፍ የመቁረጥ ጥያቄ

አሁን ወደ እማማ ጥያቄ እንመለስ። በወንጌል እንደምናነበው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያላፈራችውን በለስ ጌታዋ ቁረጣት ባለ ጊዜ፣ ሠራተኛው ዙሪያዋን ኮትኩቶና ፍግ አድርጎ ለአንድ ዓመት ይሞክራት ዘንድ ለምኗል። እኛ ካህናትና አገልጋዮች ይህን ምሳሌ ስለ ንስሐና ስለ ትዕግሥት ደጋግመን አስተምረንበታል። ስለዚህ ዛፍ ቁረጡ የሚል ቃል ከእኛ አፍ ሲወጣ ምእመናን ቢደነቁ አያስደንቅም።

ነገር ግን የበለሷ ጥፋት አለማፍራቷ ነበር እንጂ ጎረቤቶቿን ማሳመሟ አልነበረም። ፍሬ ያላፈራን ዛፍ መታገሥ የባለቤቱ ኪሣራ ብቻ ነው። በማይድን ተላላፊ በሽታ የተያዘን ዛፍ መታገሥ ግን ኪሣራውን በጎረቤት ላይ መጫን ነው። በሌላ በኩል የሠራተኛው ምሳሌ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ እርሱ ስለ ዛፏ ሲለምን በገዛ ጉልበቱ ሊኮተኩት ቃል ገብቷል። እኛም ዛፍ ይቆረጥ ስንል ከቆራጩ ጋር ጉልበታችንንና ገንዘባችንን ይዘን መገኘት አለብን።

በዚህም ረገድ የፍሎሪዳ ታሪክ ማስጠንቀቂያ አለው። በዚያች ግዛት ከግሪኒንግ በፊት የብርቱካን ካንከር የተባለ ሌላ በሽታን ለማጥፋት ሲባል ከ16 ሚሊዮን በላይ ዛፎች ተቆርጠዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በሰዎች መኖሪያ ግቢ የነበሩ ናቸው። ባለቤቶቹ ተቆጡ፤ ክስ መሠረቱ፤ ሥራውም በየፍርድ ቤቱ ተጓተተ። በመጨረሻም አውሎ ነፋስ በሽታውን ከቁጥጥር ውጭ ስላሰራጨው ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ቆመ። ሕዝብ ሳያምንበት የሚደረግ ቁረጣ በሽታውን ላያጠፋ፣ መተማመንን ግን ሊያጠፋ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

በእኛ አጥቢያ የሆነው እንዲህ ነው። ለእማማ በመጀመሪያ ስሕተቱ የእኛ እንደሆነ ነገርናቸው። ናሙናው ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ከዛፎቹ ቡቃያም ችግኝም ለማንም እንዳይሰጡ ለመንናቸው፤ እርሳቸውም ቃላቸውን ጠበቁ። ውጤቱ ጥርጣሬውን ሲያረጋግጥ የሰበካው ወጣቶች ዛፎቹን በነፃ አነሡላቸው። ኮሚቴውም ይህ በሽታ የማይዛቸውን የአቮካዶና የፓፓያ ችግኞች ተካላቸው፤ እስኪያፈሩም ድረስ በጓሮው ጎመንና ቃሪያ እንዲያመርቱ ዘር ሰጣቸው። ኪሣራቸውን ሁሉ ካስናቸው ማለት አንችልም፤ ከአራት ዓመት ድካማቸው የቀረ አለ። ነገር ግን ጎረቤቶቻቸው የራሳቸውን ዛፎች እንድናይላቸው በፈቃዳቸው የጠሩን እማማ ሲቀበሉን አይተው ነው።

፯. በአጥቢያ ሊሠራ የሚገባው

አንደኛ፣ የችግኝን ምንጭ መጠየቅ። ማንኛውም ኮሚቴ የብርቱካን ወገን ችግኝ ሲገዛ ወይም በስጦታ ሲቀበል፣ እናት ዛፉ የት እንዳለ፣ መመርመሩን፣ ችግኙም ነፍሳት በማያስገባ መረብ ውስጥ ማደጉን ይጠይቅ። ሻጩ መልስ ከሌለው አለመግዛት ይሻላል። ጥቂት ንጹሕ ችግኝ ከብዙ አጠራጣሪ ችግኝ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ መዝገብ መያዝ። ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደታደለ፣ ለማን እንደተሰጠ ይጻፍ። እኛ መዝገብ ስላልነበረን ችግኙ የደረሳቸውን ቤተሰቦች ለማግኘት ብዙ ጊዜ አባክነናል።

ሦስተኛ፣ ችግኝን ከቦታ ወደ ቦታ አለማዘዋወር። ከንግሥ በዓል ወይም ከገዳም ጉዞ ሲመለሱ ለበረከት የሎሚ ችግኝ ወይም ቀንበጥ ይዞ መምጣት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ካህናት ይህን ልማድ በፍቅር ቢያስተካክሉት መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ የማንጎ ስኬል የተባለው ተባይም የሚዛመተው በችግኝ፣ በቅጠልና በፍሬ ላይ ተጣብቆ ነው።

አራተኛ፣ ፍሬን ያለ ቅጠል ማጓጓዝ። ነፍሳቷ ከፍሬው ጋር በተቆረጠ ቅጠልና ቀንበጥ ላይ ተሳፍራ ትሄዳለች። ለቃሚዎች ፍሬውን አጽድተው ይጫኑ፤ የተጫነውም ይሸፈን። ማቀነባበሪያ ያላቸው ማኅበራት ይህን የግዢ ውላቸው አንድ ክፍል ቢያደርጉት ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል።

አምስተኛ፣ ዛፉን ከማንሣት በፊት ነፍሳቱን መቆጣጠር። ሳይረጭ የተቆረጠ ዛፍ ነፍሳቱን ወደ ጎረቤት ዛፍ ይሰድዳል። ርጭቱ በባለሙያ ትእዛዝና ጥንቃቄ በተሞላበት መንገድ ይሁን። ጉቶውም እንዳያቆጠቁጥ ይነቀል፤ ለጋው ቀንበጥ ነፍሳቷን ይጠራልና።

ስድስተኛ፣ በአንድ ፍሬ ላይ ብቻ አለመመሥረት። ጭማቂ የሚያዘጋጅ ማኅበር ከብርቱካን ሌላ ማንጎ፣ ዘይቱን ወይም ቲማቲም ማቀነባበር የሚችልበትን መንገድ ከመጀመሪያው ያስብ። ገበሬውም ጓሮውን በአንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ አይሙላ።

ሰባተኛ፣ ፈጥኖ ማሳወቅ። አጠራጣሪ ምልክት ሲታይ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወዲያውኑ ይነገር። የታመመ ዛፍ ያለው ገበሬ እንደ ጥፋተኛ እንዳይታይ ካህናት ከዐውደ ምሕረት ቢያስተምሩ ሰው ችግሩን አይደብቅም። በሽታ የሚበረታው ሲደበቅ ነው።

፰. የመወያያ ጥያቄዎች

የኮሚቴ አባላት በሚቀጥለው ስብሰባቸው የሚከተሉትን ጥያቄዎች እንዲወያዩባቸው እናሳስባለን።

፩. ባለፉት አምስት ዓመታት በአጥቢያችን ያደልናቸው የፍራፍሬ ችግኞች ከየት መጡ? ዛሬስ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛሉ?

፪. በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥ ያሉትን የሎሚና የብርቱካን ዛፎች በዓመት ስንት ጊዜ እንመረምራለን? ኃላፊውስ ማን ነው?

፫. የአንድ ችግረኛ ምእመን ዛፍ መነሣት ቢኖርበት ኮሚቴው ለምትክ የሚሆን ምን አዘጋጅቷል?

፬. በአካባቢያችን ፍራፍሬ የሚያቀነባብር ማኅበር ካለ፣ ፍሬ ከሚያቀርቡለት ገበሬዎች ጋር ስለ ዛፍ ጤና የሚነጋገርበት ጊዜ አለውን?

በእኛ በኩል በሦስተኛው ጥያቄ ላይ የተሟላ መልስ የለንም። አንዳንድ አጥቢያዎች ለዚሁ ከልማት ገቢያቸው ጥቂት ለይተው ማስቀመጥ ጀምረዋል። ሌሎችም ያገኙትን ልምድ ቢጽፉልን በሚቀጥሉት እትሞች ለሁሉም እናካፍላለን። እስከዚያው ድረስ ችግኝ ለማደል የተዘጋጀ ኮሚቴ ሁሉ ከማደሉ በፊት ያቺን አንዲት አጭር ጥያቄ፣ «ይህ ችግኝ ከየት መጣ?» የምትለውን እንዳይዘነጋ በትሕትና እናሳስባለን።